ንጉሥ ሚካኤል በየትኛው ኮድ ይቆጠራሉ?

በግንቦት ወር 1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። ቆጣሪዋ ትሁት ወጣት ነበረች። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የቤተሰቡን ስም፣ ዕድሜና ሃይማኖት አንድ በአንድ ነገራት። ብሔር የሚለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ለራሱ አማራ ብሎ አስመዘገበ። ለእናቴም፣ ለእኔም፣ ለእህቶቼም እንዲሁ። እናቴ ጓዳ ቡና ትቆላ ስለነበር የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም ነገሬ አላለችውም። ቆጣሪዋ ቡናዋን ጠጥታ፣ መርቃን ሄደች።

አባቴ ካረፈ ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ የጥናት መጠይቅ የያዘ ወጣት እዚያው በረንዳ ላይ መጣ። የማን ጥናት እንደሆነ ማንሳቱ አያስፈልግም። በዚህ ጊዜ መልስ ሰጪዋ እናቴ ነበረች። እሷም ነገሩን ከሥሩ ጀመረች። በአባቷ የወረ ሂመኖ ኦሮሞ፣ በእናቷ የሳይንት አማራ መሆኗን፣ ከአያቶቿ አንደኛው ሼህ ሌላኛው ደግሞ ቄስ እንደነበሩ ዘርዝራ ነገረችው። ልጁ በትዕግሥት ከሰማት በኋላ አንዱን ብቻ እንድትመርጥለት ለመናት፤ ሳጥኑ ከአንድ በላይ አይቀበልም ነበርና። እናቴ ትንሽ አሰበችና ሰው የሚጠራው በአባቱ ነው በማለት ኦሮሞ አስባለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአንድ ቤት፣ በአንድ በረንዳ ላይ፣ አንዲት ሴት በመጀመሪያው ወረቀት አማራ፣ በሁለተኛው ኦሮሞ ሆነች። የሞተም የተወለደም፣ የመጣም የሄደም ሰው የለም። ሁለቱን ወረቀቶች ቢሮው ውስጥ ጎን ለጎን የሚያይ ባለሙያ ግን አንድ አማራ ቀነሰ፣ አንድ ኦሮሞ ጨመረ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እናቴ በሁለቱም ጊዜ አልዋሸችም። በመጀመሪያው ጨርሶ አልተጠየቀችም፤ በሁለተኛው የተጠየቀችው ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ነበር።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይሉኛል። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ እኔም የተማርኩበት የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት በልጃቸው ስም የተሰየመላቸው ንጉሥ ሚካኤል። የእሳቸውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት ብንከተል፣ በየአሥር ዓመቱ ቆጣሪ ቢላክባቸው ምን ብለው ይመልሱ ነበር? ለመዝናናት የቀረበ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። መልሱ ዛሬም ወንበርና በጀት ያከፋፍላል።

ከመሐመዶች ቤት

የኋላው ንጉሥ ሚካኤል በ1840ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም ሲወለዱ የወጣላቸው ስም መሐመድ ዓሊ ነበር። አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ ይባሉ ነበር። ቤተሰቡ ወረ ሂመኖን መዲናው አድርጎ ለትውልዶች ወሎን ሲገዛ የኖረው የመሐመዶች ሥርወ መንግሥት ነው። ይህ ቤት ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ የያዘ ነበር፦ ዘሩ ኦሮሞ፣ ሃይማኖቱ እስልምና። ኢማም የሚለው ማዕረግም የመጣው ከዚያ ነው። በዚያው ላይ ከአማራው ጎረቤት ጋር በጋብቻ፣ በገበያና በጦርነት ከተሳሰረ ቆይቷል፤ በግዛቱ ውስጥ አማርኛም ይነገር ነበር።

የወሎን ካርታ ለሚያነብ ሰው ይህ ታሪክ ዛሬም አልጠፋም። ወረ ሂመኖ፣ ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ ስንል ወረ የሚለው ቃል በኦሮምኛ የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን ማለት ነው። ለጋምቦና ለጋሂዳ ስንል ደግሞ ለጋ ወንዝ ነው። አገሬው አማርኛ እየተናገረ በኦሮምኛ ስም ይጠራል፤ ለማንም አይገርመውም።

መሐመድ ዓሊ ያደጉት መከራ በበዛበት ዘመን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ወሎን ለማስገበር ተደጋጋሚ ዘመቻ አድርገው አገሩን አራቁተውት ነበር። የወረ ሂመኖዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት ከመቅደላ ያመለጡትን ወጣቱን ምኒልክን በ1857 ዓ.ም. አስጠግተው ወደ ሸዋ ሲያሳልፏቸው፣ መቅደላ ታስሮ የነበረ ልጃቸው በቴዎድሮስ ትእዛዝ ሕይወቱን ከፍሏል። ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ በወሎ ሥልጣን ላይ ሁለት የአንድ ቤት ወራሾች ተፋጠጡ፦ መሐመድ ዓሊና አባ ዋጠው የሚባሉት ኢማም አመዴ። የሸዋው ምኒልክ የመሐመድ ዓሊን ወገን ደገፉ። ወጣቱ የወሎ መስፍን ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የሰሜኑና የደቡቡ ነገሥታት ሚዛን መካከል ቆመው መኖርን ተማሩ።

በዚህ ወቅት ቆጣሪ ቢመጣ መሐመድ ዓሊ ምን ይሉ ነበር? እንደኔ ግምት ብሔር የሚለው ጥያቄ ራሱ ግር ይላቸው ነበር። የዘመኑ ሰው የሚጠየቀው አገሩን፣ ቤቱንና ሃይማኖቱን ነው። መልሱም ወረ ሂመኖ፣ የመሐመዶች ቤት፣ እስላም የሚል ይሆን ነበር።

ቦሩ ሜዳ

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የከፋፈለው የሃይማኖት ክርክር እልባት ያገኘው እዚያ ነው። ከዚያው ጋር ተያይዞ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ፤ እምቢ ያለ ሹመቱን ያጣል። መሐመድ ዓሊ ተጠመቁ፤ የክርስትና ስማቸው ሚካኤል ሆነ፤ የክርስትና አባታቸውም ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ባላንጣቸው ኢማም አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የእሳቸው የክርስትና አባት ደግሞ ምኒልክ ነበሩ። ሁለቱ ነገሥታት የወሎን ሁለት ወራሾች በክርስትና ልጅነት ተከፋፈሏቸው ማለት ነው።

ተራው ሕዝብ ግን እንደ መኳንንቱ ዕድለኛ አልነበረም። ብዙዎች በቀን ክርስቲያን በሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ፤ ሌሎች አገር ጥለው ተሰደዱ፤ ሼሆች እየመሩት ያመፀም ነበር። ይህ ጠባሳ በወሎ የቤተሰብ ትዝታ ውስጥ ዛሬም አለ። የእኔ እናት ስለ ሼሁና ስለ ቄሱ አያቶቿ ስትናገር የምትስቀው፣ ሳቁ ለቅሶን የሚያስታግስ ስለሆነ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ጉዳይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በወሎና በብዙ አካባቢ በድሮው አነጋገር አማራ ማለት ክርስቲያን ማለት ነበር። አንድን እንግዳ እስላም ነህ ወይስ አማራ ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ለማዕድ ሲቀርብ የየትኛው ሥጋ እንደሚበላ ለማወቅ። በዚህ አጠራር መሠረት መሐመድ ዓሊ በ1869 ዓ.ም. እስላም፣ በ1871 ዓ.ም. አማራ ናቸው። ዘራቸው፣ ቤታቸው፣ አገራቸው ሳይለወጥ አማራ ሆኑ። ዛሬ በመጠይቅ ላይ አማራ የሚለው ቃል ሲጻፍ ይህን ትርጉም አልያዘም። አንድ ቃል በሁለት ዘመን ሁለት ነገር ከለካ፣ ቁጥሮቹን ደርድሮ ጨመረ ቀነሰ ማለት ሜትርን ከክንድ ጋር እንደ መደመር ነው።

ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ

ራስ ሚካኤል ለዐፄ ዮሐንስ ታማኝ ሆነው ቆዩ። ዐፄው በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ወደ ምኒልክ ተጠጉ፤ ልጃቸውን ወይዘሮ ሸዋረጋንም አገቡ። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው ኢያሱ ነው። በአባቱ የመሐመዶች ቤት፣ በእናቱ የሸዋ ሰሎሞናዊ ቤት ልጅ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኞች ከተዋጊዎቹ ዋነኞቹ መካከል ነበሩ። የፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ነው። እነዚያ ፈረሰኞች በየትኛው ቋንቋ እንደፎከሩ ማንም አልመዘገበም፤ የወደቁት ግን ለአንዲት አገር ነው።

ደሴን ከተማ ያደረጓት እሳቸው ናቸው። ስሙን ያወጡት ዐፄ ዮሐንስ መሆናቸው ይነገራል፤ ከተማነቱን፣ የአስተዳደር ማዕከልነቱን፣ ገበያውን ግን የሰጧት ራስ ሚካኤል ናቸው። ትልቁን አይጠየፍ አዳራሽ አሠሩ፤ አብያተ ክርስቲያናትን ተከሉ። የዚያ አዳራሽ ስም ራሱ ብዙ ይናገራል፦ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጅ ኢያሱ አልጋውን ያዙ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ራስ ሚካኤል በልጃቸው ፈቃድ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ደሴ ላይ ዘውድ ጫኑ። ከወረ ሂመኖ ኢማም ቤት የተወለደው መሐመድ ዓሊ በአቡን እጅ ተቀብቶ ነገሠ። በሰሜን ኢትዮጵያ ከእሳቸው የበለጠ ጦር ያለው ሰው አልነበረም።

ሦስት ዓመት አልፈጀም። ልጅ ኢያሱ ወደ እስልምና አዘንብለዋል ተብለው ተከሰሱና በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ። ክሱ ላይ የአባታቸው ቤት የቀድሞ እምነት ጥላ አጥልቶበት ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ከተጠመቁ 38 ዓመት አልፏቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ተክለው፣ ነግሠውም፣ ልጃቸው በአያቱ ሃይማኖት ይጠረጠር ነበር። አባት ልጁን ሊያድን ጦሩን ይዞ ወደ ሸዋ ዘመተ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ፤ ተማረኩም። እ.ኤ.አ. በ1918 በእስር ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

ሰገሌን የኦሮሞና የአማራ ጦርነት አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች ዛሬ አሉ። ለእነሱ የምላቸው አንድ ነገር ነው። በሸዋ በኩል ጦሩን የመሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው ከጨቦ ምድር የተማረኩ ነበሩ። አብረዋቸው የቆሙት ራስ ተፈሪ ደግሞ በዚያ ጊዜ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ባል ነበሩ። የወይዘሮ ስህን ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ መነን፣ የኋላዋ እቴጌ፣ የራስ ተፈሪ ባለቤት ናቸው። ስለዚህ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ከእቴጌ መነን የተወለዱት መሳፍንት ሁሉ የመሐመድ ዓሊ ዓሊ አባ ቡላ ዘሮች ናቸው። እስቲ እነሱን በአንድ ኮድ ቁጠሯቸው።

ከታሪክ ወደ ቅጹ

የአገራችን 3 ቆጠራዎች፣ የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም.፣ ሁሉም ብሔርን ጠይቀዋል። በ1999ኙ ቆጠራ የደቡብ ወሎ ሕዝብ ከ99 በመቶ በላይ አማራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ 71 በመቶ ገደማው ሙስሊም ነው። በስማቸው ወረ እያሉ የሚጠሩ ወረዳዎች የሚገኙበት ዞን ነው ይህ። ኦሮሞው የት ሄደ? የትም አልሄደም። እዚያው አርሶ፣ ነግዶ፣ ተጋብቶ ይኖራል። ዛሬ አማራ ነኝ የሚለውም የዋሸ ሰው አይደለም፤ ቋንቋውም ኑሮውም ያ ነው። ወደ ከሚሴ ወረድ ብትሉ ደግሞ ከዚያው ከአማራ ክልል ሳይወጣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንነት የተደራጀ ሕዝብ ታገኛላችሁ። ልዩነቱ ምንጩ ደም ብቻ አይደለም፤ ቋንቋው የት እንደቆየና ጥያቄው እንዴት እንደቀረበም ነው።

በክልሉ ከዚህ የባሰም አለ። በ1987ቱ ቆጠራ 172,327 ቅማንቶች ተቆጠሩ። በ1999ኙ ግን ቅማንት የሚል ስም በዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ከ12 ዓመት በኋላ አንድ ሕዝብ በወረቀት ላይ ጠፋ። የክልሉ ምክር ቤት የቅማንትን የራስ አስተዳደር ጥያቄ በ2007 ዓ.ም. ተቀበለ፤ ከዚያ በኋላ የፈሰሰውን ደም እናውቀዋለን። የዚያ ደም ምክንያቱ አንድ የቆጠራ ኮድ ብቻ ነው አልልም፤ ሰውን ከዝርዝር መፋቅ ግን የቁጣ ማገዶ መሆኑን የሚክድ የለም። በሌላ በኩል የስልጤ ሕዝብ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ የተለየ ማንነቱ ከታወቀ በኋላ በ1999ኙ ቆጠራ ለብቻው ተቆጥሯል። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ዝርዝሩ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ከአገሪቱ ሕዝብ 30 በመቶ የነበረው አማራ በ1999 ወደ 27 በመቶ ሲወርድ፣ ኦሮሞው ከ32 ወደ 34 በመቶ ተኩል ገደማ ሲወጣ ብዙ ጩኸት ተነሣ። የአማራ ክልል ሕዝብ ከተጠበቀው በ2.4 ሚሊዮን ያህል ማነሱ በፓርላማ ጭምር ተነጋግረንበታል። ከክርክሩ ውስጥ አንድ ነገር ግን ጎድሎ ነበር። ከልዩነቱ ስንቱ የልደትና የሞት፣ ስንቱ የአቆጣጠር ጉድለት፣ ስንቱስ እንደ እናቴ መልሱ የተለወጠ ሰው ነው ብሎ የለየው የለም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ቆጠራዋ ሰው ከአንድ በላይ ዘር እንዲመርጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀደች። ተመራማሪዎች የ2000 እና የ2010 መልሶችን ሰው በሰው ሲያዛምዱ ከ160 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መካከል ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉት ከበፊቱ የተለየ መልስ ተመዝግቦላቸው ተገኘ። እነሱ ይህን ጥፋት ነው ብለው አልደበቁትም፤ ለክተው አወጡት። ሩዋንዳ ደግሞ ተቃራኒውን አሳይታናለች። ቤልጂጎች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በመታወቂያ ላይ የጻፉት አንድ ቃል በ1994 የሞትና የሕይወት መለያ ሆነ።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕግ ትምህርት ስለቀመስኩ አንድ ነገር ልጨምር። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ ይተረጉማል። ሰፋ ያለ የጋራ ባህል፣ ሊግባቡበት የሚችሉበት የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመን፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ በአብዛኛው የተያያዘ መልክዓ ምድር። ይህ የቡድን ትርጉም ነው። አንድ ግለሰብ የየትኛው ቡድን አባል መሆኑ በምን እንደሚወሰን፣ በአባቱ ይሁን በእናቱ፣ በቋንቋው ይሁን በራሱ ቃል፣ ይህ አንቀጽ አይነግረንም። ሁለት ቡድን ውስጥ ያለ ሰው መኖሩንም አያነሳም።

ውጤቱ ግን ከባድ ነው። በአንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። ለክልሎች የሚከፋፈለው ድጎማም ከሕዝብ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። እናቴ በረንዳ ላይ የሰጠችው መልስ፣ ወይም አባቴ የሰጠላት፣ ከሚሊዮን መልሶች ጋር ተደምሮ ወንበር ይሆናል። አንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ቢልም አራተኛው ቆጠራ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ተራዝሞ እስከ ዛሬ አልተካሄደም። ስለዚህ ገና ሳይረፍድ የምንነጋገርበት ጊዜ አለን።

ምን ይደረግ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። አንደኛ፣ ጥያቄው ከቆጠራ ቆጠራ በአንድ ቃል ይጠየቅ፤ ከተለወጠም የተለወጠው ቃል ከቁጥሩ ጋር ይታተም። ሁለተኛ፣ አካለ መጠን የደረሰ ሰው ስለ ራሱ ራሱ ይመልስ፤ አባወራ ለሚስቱ ብሔር አይስጥ። ሦስተኛ፣ ከአንድ በላይ መልስም፣ ወሎዬ ወይም ኢትዮጵያዊ ብቻ የሚል መልስም፣ አልመልስም የሚልም ይመዝገብ። አራተኛ፣ የኮድ ዝርዝሩ ከቆጠራው በፊት ለሕዝብ ይፋ ይሁን፤ የጠፋ ስም ካለ ባለቤቱ ቀድሞ ይጩህ። አምስተኛ፣ ከቆጠራው በኋላ ጥቂት ቤተሰቦች በሌላ ቆጣሪ እንደገና ይጠየቁና ስንቱ መልሱን እንደለወጠ ይነገረን። የሚለወጥን ነገር የማይለወጥ አስመስሎ ማቅረብ ሐቀኛ ስታቲስቲክስ አይደለም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ጥያቄው ጨርሶ ይቅር ይላሉ። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ብሔርን አለመጠየቁን እኔም እደግፋለሁ፤ መታወቂያ በኬላ ላይ የሚታይ ነገር ነውና። ቆጠራ ግን ከመታወቂያ ይለያል። ስም የለሽ ቁጥር ነው፤ ካልቆጠርን የተበደለውን ሕዝብ በደል ማሳየት አንችልም። መጥፎው መጠየቁ ሳይሆን አንድ ሳጥን ብቻ ሰጥቶ መጠየቁ ነው።

ወደ ንጉሥ ሚካኤል ልመለስ። በመሐመድ ዓሊነታቸው እስላም፣ በሚካኤልነታቸው በአገሩ አነጋገር አማራ፣ በትውልዳቸው የወረ ሂመኖ ኦሮሞ፣ በግዛታቸው የወሎና የትግሬ ንጉሥ፣ በጋብቻቸው የሸዋ አማች፣ በዓድዋ ኢትዮጵያዊ። አንዱን መርጦ ሌላውን የሚሰርዝ ቅጽ እሳቸውን አልቆጠረም፤ ቆረጣቸው እንጂ። ደሴ ላይ ያሠሩት አዳራሽ ስም አይጠየፍ ነው። የሚመጣው የቆጠራ ቅጽም እንዲሁ ቢሆንልን ምን ነበር?

እናቴ ዛሬም ቧንቧ ውሃ አለች። ቆጣሪ በመጣ ጊዜ ቡናዋን አስቀምጣ እሷው ራሷ ትመልሳለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ምን ብላ እንደምትመልስ አልጠየቅኳትም፤ የእሷ ጉዳይ ነውና።

ቸር ይግጠመን።